የኋላ አግዳሚ

ሁለት በር ነበረው የፒያሳው ሲኒማ፤
አንዱ በር ለካፖርት፣ አንዱ በር ለሸማ።
እኛ በጓሮው በር፣ ጫማ ያላት አውልቃ፣
እንደ መስጊድ ደጃፍ፣ አንዷ አንዷን ጠብቃ፣
ገባን።
አግዳሚው ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ፤
ፈረስም ቢጋልብ ግማሹ ነው 'ሚገባ።
ዋጋው ግማሽ ሊሬ። እኔስ በነጻ ነኝ፤
ካክስቴ ኩታ ሥር ማን አይቶ ሊቆጥረኝ።

ቋንቋውን የምታውቅ ካግዳሚው ላይ የለች፤
የሸዋ በሯ ሙሂባ ትተረጉማለች።
«ይቺ ባለ ጓንቷ ለምን ታለቅሳለች?»
«ርስቷን ተነጥቃ ችሎት ቆማ ዋለች።»
«ያ ባለ ሪዙስ?»
«ዳኛው ነው፤ ዝም በሉ፤ ፍርድ ሊሰጥ ነው አሁን።»
ዳኛው ሴትዮዋን ሳማት።
ጸጥ አልን።
ሙሂባ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣
«ይኸው፣ በሽምግልና አለቀ» አለች።
ሳቃችን ሲፈነዳ ከፊት ያሉት ዞሩ፤
እነሱ እንባቸውን እያበሱ ነበሩ።

ከፊልሙ አስቀድሞ ዜና ይታይ ነበር፤
ጥሩምባ፣ ባንዲራ፣ አዲስ የጦር ሰፈር።
ማክሰኞ ለት ማታ ሐረጎ ታየን፤
ቁልቁለቱ፣ ጭጋጉ፣ እኛው የምናውቀው፣
የሰው አገር መስሎ።
ድንጋይ የተሸከሙ ወንዶች በሰልፍ ወጡ።
አራተኛው ሰውዬ፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት፣
ወደኛ ዞር አለ፤
ድንጋዩን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ አዛውሮ
መንገዱን ቀጠለ።
አክስቴ ዙበይዳ ብድግ አለች።
«ይማም!»
ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም ነበር።
ዓመት ከአራት ወሩ ከደጅ ከወሰዱት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ ሄደ፤
አምስተኛው ላይ ምሰሶው ዋጠው።

በማግሥቱ ማንም ምንም አልተናገረም፤
ግን ሴቱ በሙሉ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣
ጭን ለጭን፣ ጎድን ከጎድን ጋር፤
ነፍሰ ጡሯ ለይላ እንኳ ቆመች።
ለዙበይዳ አንድ ክንድ ቦታ ተለቀቀ፤
ይማም ሰባት ተራመደ።
ሐሙስ፣ ዘጠኝ።
ቆጣሪዋ እኔ ነኝ።
እንቁላሉ አለቀ፣ ፈትሉም ተሸጠ፤
ዓርብ ለት ለበረኛው ድሪዋ ተሰጠ።

ቅዳሜ ዜናው ተለወጠ።
መርከብ። ባሕር። የሚውለበለብ መሐረብ።
ዙበይዳ አልተቀመጠችም፤
«ሙሂባ፣ የት ሄደ?» አለች፣ ቀስ ብላ።
መልስ አጥታ የማታውቀው ሙሂባ
ባሕሩን አየች፣ መርከቡን አየች፤
«አልሄደም» አለች፣
«ምሰሶው ጋ ነው። ከምሰሶው ኋላ።
ድንጋዩን አውርዶ ያርፋል።»

ዛሬ ቤቱ የጨው መጋዘን ነው።
አንዳንዴ እገባለሁ፣ አምስት ኪሎ ልገዛ፤
ጆንያው እስከ ጣራ፤ ምሰሶው እንዳለ፣ ቀለሙ ተልጦ።
ልጁ፣ «እማማ፣ በዚያ በኩል ያለው ይሻላል፣ ደረቅ ነው» ይለኛል።
ዞሬው አላውቅም።