ከዳኝ

ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፣ በኢድዋል ሙት ዓመት፤
መጀመሪያ አንድ ጠብታ፣ ከደረጃው በስተፊት፣
ቀጥሎ ሦስት ባልዲ፣ አንድ የሾርባ ድስት፣
በመጨረሻ አልጋዬን ገፋሁት ወደ መስኮት።

እኛ መንደር፣ ካረግ ላስ፣ ከዌልስ ተራራ ሥር፣
ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ቤተኛ ነው የሚያድር።
አባት ልጁን አስከትሎ፣ ልጅም ልጁን ሲያስከትል፣
ሰሌዳ ድንጋዩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲገነጥል፣
የሰው አገር ቤት ተከደነ፤ የኛ ኮረብታ ሆነ ገደል።

ቴጊድ መጣ ማክሰኞ፣ መሰላሉን በትከሻ፣
ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ወገቡ ላይ መዶሻ።
ወጣ። በጣቱ አንኳኳ፣ አንድ ባንድ፣ እንደ ሐኪም፤
«ስሚ፣ ይኸ ይደውላል፤ ይኸኛው ድምፅ የለውም።
የቀሩት ጤነኞች ናቸው፤ መቶ ዓመት አይበግራቸውም።
የሞተው ሚስማሩ ነው።»

አየሁት በመዳፉ ላይ፣ ቀጥኖ እንደ ስንደዶ፣
ሳይጮህ፣ ሳይታይ ያለቀ፣ በቀይ ዝገት ነዶ።
ስንቱ ይወድቃል እንዲህ፣ ራሱ ምንም ሳይሆን፣
የያዘው ስለላላ ብቻ።

ያወርዳል፣ ያጥባል፣ ሣር ላይ በመጠን ይደረድራል፤
ትልቋ ንግሥት ትባላለች፣ ቀጥላ ልዕልት፣ ከዚያ እመቤት።
ኢድዋል ይስቅ ነበር፦
«እኛ መኳንንት ላይ የምንቆመው ጣሪያ ስንወጣ ብቻ ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ፣
«ኔስታ! እነዚህ ከየት መጡ?»
ዐሥራ ሁለት ናቸው። ወይን ጠጅ።
የኛ ካባ ግራጫ ነው፣ ሌላ ቀለም አይወልድም፤
ወይን ጠጅ የለበሰ በመንደሩ አንድም ቤት የለም፣
ከጸሎት ቤቱ በቀር።

ዝም አልኩ። ዝም አለ። አንድ እርከን ወረደ።

ትዝ አለኝ ያ ክረምት፤ ካባው በአድማ ተዘግቶ፣
ኤሊነድ ሳንባዋን ታማ፣ አልጋዋ ድረስ ውኃ ገብቶ።
ኢድዋል ሌሊት ወጣ። ጠዋት፣ እጁ ቆስሎ፣
«ከፈረሰ ጎተራ ገዛሁ» አለኝ፣ «በርካሽ» ብሎ።
እሑድ ጸሎት ቤቱ አፈሰሰ።
መዝሙር ላይ ነበርን፤ የሰባኪው መላጣ ራሰ።
እና ኢድዋል፣ ዲያቆኑ፣ ቆርቆሮ ሣጥን አንሥቶ፣
ለክዳኑ ማሠሪያ ዞረ፣ ከበር በር ለምኖ፣ ተለማምጦ፤
የራሱንም በር አንኳኳ።
የእንቁላል ገንዘቤን ሰጠሁት።
ዓይኔን አላየም።

የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ይሁን፣ አልከራከርም፤
የሰው ድንጋይ ግን የልጅ አልጋ ያደርቃል።
ያቺ ልጅ ስልሳ አልፏታል፤
ካርዲፍ ተቀምጣ ጥርስ ትነቅላለች።

«ልመልሳቸው?» አለ ቴጊድ።
ለማን? ጸሎት ቤቱ ተሸጧል፤ የሊቨርፑል ሰው ገዝቶት፣
ከስብከቱ መድረክ ላይ ገላ መታጠቢያ ሠርቶበት፣
ጣሪያውን መስታወት አደረገው፣ ኮከብ ሊያይበት፣
እዚህ ኮከብ የሚታይ ይመስል።

«ወደ ፊት አምጣቸው» አልኩት፣ «ከደጃፉ በላይ፣
በመንገዱ በኩል፣ በመዳብ ሚስማር።»
«ሰው ሁሉ ያያቸዋል እኮ።»
«ይያቸዋ! ገመና መክደን ደግ ነው፤
ሃምሳ ስምንት ዓመት ግን ይበቃል።»

ዛሬ ሌሊት ይዘንባል።
ባልዲዎቹ ጓሮ ተደፍተዋል፤ ድስቱ ወደ ሾርባው ተመለሰ።
ተኝቼ እሰማለሁ፤ ግራጫውና ወይን ጠጁ
አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላቸው።

ባልሽ ምን ነበር ብትሉኝ፣
አንዲት ቃል ጽፌ ልስጣችሁ፦
ከዳኝ።
አላልታችሁ አንብቡት።
አጥብቃችሁ ብታነቡትም፣
አልዋሸኋችሁም።