ኮሊብሪ አይደለም

ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ባሕሩ አይታይም፣ ጨዉ ግን ይገባል፤
የመስኮቱን ብረት፣ የሃኮቦን ጉልበት እኩል ይበላል።
ጎረቤቴ ሃኮቦ፣ ቱኩማን ተወልዶ አሽቀሎን ያረጀ፣
ሚስቱን በቀበረ በዓመቱ ቀይ ጠርሙስ ለወፍ አዘጋጀ።
ስኳሩ አንድ እጅ፣ ውኃው አራት እጅ፣
አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ሰቀለው ከደጅ።

የመጣው ጉንዳን ነው፤
በሽቦው ተሰልፎ፣ ሠርግ እንደ ጠሩት ሰው
ሦስት ቀን ተጋብዞ ጠርሙሱን ጨረሰው።

በአራተኛው ጧት ግድግዳ መታብኝ፣
«ድረስ! ኮሊብሪ ነው!» እያለ ጠራኝ።
ሄድኩ። ሽቦው ላይ፣ አውራ ጣት የሚያክል
ጥቁር ነገር አለ፣ ከሰል የሚመስል።
ፀሐይ ስታገኘው ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገር፣
ከሰሉ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ፣
አረንጓዴው ደግሞ ስም ያጣሁለት ነገር።
ጥላ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ከሰል።

«ሃኮቦ» አልኩት፣ «ይኼ ኮሊብሪ አይደለም፤
ያንተ አገር ወፍ ውቅያኖስ አቋርጦ እዚህ አይመጣም።
ምንቃሩን ተመልከት፣ እንደ ማጭድ ጎብጧል።
ያንተው አየር ላይ ቆሞ ይጠጣ የለ? ይኼኛው ይቀመጣል።
አንዳንዴ ይሞክራል፣ አዎ፣ ክንፉን ያርገበግባል፣
ግን እንደ እኔና እንዳንተ ቶሎ ይደክመዋል።
ከብብቱ ሥር የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ላባ አለው፣
ለሚወዳት ወይ ለሚጠላው እንጂ ለማንም አያሳየው።»

ዝም አለ። ቆየ።
«ኮሊብሪ ነው» አለ።

አልተከራከርኩም። ስም በሰው አፍ ውስጥ ምን እንደሚሆን
አውቃለሁ፤ ሎድ ላይ ከአውሮፕላን ወርጄ «ጥሩነህ» ስል
ጸሐፊዋ «ቶቪያ» ብላ ጻፈች። አልዋሸችም፣ ያው ጥሩ ማለት ነው።
ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት፣ ቶቪያ ሲሉኝ እዞራለሁ፤
አንገቴ ብቻ ትንሽ ይዘገያል።

የልጅ ልጄ ኦፊር ከትምህርት ቤት መጥታ ሁለታችንንም አረመችን፦
«ጹፊት ነው የሚባል!» ጹፍ የአበባ ማር ነው፣ ብላ አስተማረችን።
ወገራ ሳለሁ ዘመዱን አይቻለሁ፣ ከአጋም ጥግ ሲቀስም፤
ወፍ ነው ብለን አለፍነው፣ ስሙን የጠየቀ የለም።

«ጠርሙሱን አውርደው» አልኩ፤ «ስኳር ጉንዳን እንጂ ወፍ አያሰነብትም።»
ያን ሰሞን ማዘጋጃ ቤት አደባባዩን ሲያድስ
እሬቱን ነቅለን ጥለን ነበር፣ ሥሩ ገና ሳይደርቅ ሳይበሰብስ።
አንድ ጆንያ ሙሉ ተሸክሜ መጣሁ፤
በወይራ ቆርቆሮ፣ በበረንዳው ዙሪያ፣ አንድ በአንድ ተከልኩ።
ሃኮቦ ቅጠሉን ገምጦ ተፋ፣ ፊቱን አጨማደደ፦
«ለወፍ ይኼን?»
«እናቴ ጡት ያስጣለችኝ በዚህ ነው፤
አበባውን ግን ማን ቀመሰው?»

ጥር ላይ፣ ዝናቡ ከባሕር በአግድም ሲመጣ
ከየቆርቆሮው ብርቱካናማ ችቦ ወጣ።
እሱም መጣ፣ ከሰሉ። ከኋላው ደግሞ
አመድ የመሰለች፣ ጣት የማይቀሰርባት፣
ምንቃሯ ላይ የሸረሪት ድር፣ የድመት ጠጉር፣
ከሥራ ልብሴ የተመዘዘ ሰማያዊ ክር።
ከልብስ ማስጫው ገመድ ጫፍ
ከረጢት የመሰለ ቤት አንጠለጠለች፣ በሩ በጎን።
ስትገባ ቤቱ ይወዛወዛል። ስትወጣም።

ሃኮቦ ትንፋሹን ውጦ ቆመ።
«እሷስ? ምን ትባላለች?»
«ያው ጹፊት።»
«አይ፣ ለብቻዋ።»
አላወቅሁም። ኦፊርም አላወቀች።

ከዚያ ወዲህ ገመዱን አይነካም። አንሶላውን ወንበር ላይ፣
ካልሲውን መጋረጃ ዘንግ ላይ ያሰጣል፤
ሸሚዙ ደግሞ የኔ በር እጀታ ላይ፣
እርጥብ እንደሆነ፣ ጧት ስወጣ
እጄ ላይ ይንጠባጠባል።