የዘገየ መርዶ

ዊኒፔግ። የጥር አጋማሽ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤ ሸብቷል የመስኮቱ መስታወት።
ማሞቂያው ያቃስታል፣ እኔም አቃስታለሁ፣
ሰው ትቶት የሄደውን ኮድ መስመር በመስመር አነባለሁ።

ዳርሊን ጽፋልኛለች፣ ሰሜን ቶምፕሰን ካለው ክሊኒክ ሆና፦
«የራጁ ፋይል ይጀምርና መንገድ ላይ ይቆማል ገና።
መስመሩ ሲመለስ ‹ተገናኝቻለሁ› ይላል፣
ከዚያ ዝም። ደግሞ ይጠፋል።
የአዛውንቱ ሳንባ ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ እናንተ ጋ ቀርቷል።»

ኮዱ የሦስት ሰው ውርስ ነው፤ ሦስቱም ሥራ ቀይረዋል፤
አንዱ ግን ከተግባሩ ራስጌ ማስታወሻ ትቷል፦
«አትንኩት። ይሠራል።»

አይሠራም።

መጀመሪያ ነፋሱን አማሁ፣ የሰሜኑን ውሽንፍር፣
ቀጥዬ ሰርቨሩን፣ ቀጥዬ ቁልፉን፣ የይለፍ ቃሉን ምስጢር፤
ሙከራውን ከሦስት ወደ አሥር አሳደግሁ፣ ደጅ እንዲጠና፣
እንደ ሹመት ፈላጊ፣ ቢገፉትም እንዲጸና።
ጸና። አሥር ጊዜ ገብቶ አሥር ጊዜ ወደቀ።
ሎጉን ከታች ወደ ላይ ሳነብ ነው ጉዱ የታወቀ፦

አሮጌው ግንኙነት በውሽንፍሩ ሞቷል፤ ሞቱን ያወራ የለም።
አዲሱ ተወለደ፣ ቁልፍ ተለዋወጠ፣
«ቤቶች!» ብሎ ገባ፣ ፋይሉን ከፍቶ መጻፍ ጀመረ፤
በአርባኛው ሚሊሰከንድ የአሮጌው መርዶ ደረሰ።
መርዶ ነጋሪው የሟች ስም አልያዘም፣
«እዚህ ቤት ሰው ሞቷል» ብሎ ተመለሰ።
አዲሱም ሰማ።
ለካ እኔ ነኝ ብሎ፣
እጁን አጣጥፎ ራሱን ገነዘ።

ለቀባሪው አረዱት ይባላል። ይኼ ከዚያም ይከፋል፤
በሕይወት ላለ የገዛ ሞቱን ማርዳት ምን ይባላል?

ለያንዳንዱ ግንኙነት በልደቱ ተራ ቁጥር ሰጠሁት፣
መርዶ ይዞ የመጣን «የማን ነው?» በል ብዬ በሩን አዘዝሁት፤
ካልገጠመ፣ ሟቹ ተቀብሯል፣ ሂድ በሰላም።
መስመሩ ዳግም ቢበጠስም ከመጀመሪያው ባይት አይጀምርም፣
የጻፈውን ቆጥሮ ከቆመበት ይቀጥላል።
ሲያንኳኳም አንድ ሰከንድ ቆይቶ፣ ከዚያ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣
ይሉኝታ እንደያዘው እንግዳ፣ ሰው ደጅ እንደቆመ በሌሊት።

አሥራ አራት መስመር ጻፍሁ፣ ሠላሳ ሁለት ሰረዝሁ።
ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ገመዱን ነቀልሁ፣ ሰካሁ፣
ነቀልሁ፣ ሰካሁ፤ ጎረቤት ቢያየኝ ስግደት ይመስለው ነበር፤
መቶኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። የከዳኝ እሱ ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት። በረዶ ጠራጊው መኪና እያጓራ አለፈ።
ከቶምፕሰን የተላከው ሦስት ጊዜ ተቆርጦ፣ ሦስት ጊዜ ተቀጥሎ ተጻፈ፤
የሁለቱ ጫፍ ድምር ገጠመ።
የአዛውንቱ ሳንባ፣ ግራውም ቀኙም፣ ሙሉ ሆኖ ደረሰ።
ጥላ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም፤ እሱን የሚያነብ ሌላ ሰው ነው።

እኔ ወደ ኮዱ ተመለስሁ። የድሮውን ማስታወሻ ሰርዤ በቦታው፦
«ነክቼዋለሁ። ምክንያቱ ከታች አለ።
ከእኔ በኋላ የምትመጡ፣
እናንተም ንኩት።»