ጉዳዩ፦ ስም ይመለስልኝ ስለማለት

ከልደታ ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ጥግ ሥር፣
ጃንጥላ ዘርግቶ፣ አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር፣
«ጉዳዩ?» አለኝ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።
«ስሜ ይመለስልኝ።»
«‹ይለወጥልኝ› ነው የሚባል።»
«አይ ወንድሜ፣ አዲስ ስም አልጠይቅም፤
የራሴን ነው እንጂ የሰው አልፈልግም።»
«እሺ፣ ዋጋው ያው ነው» አለና ቁልፉን መታ፤
ሃያ ስድስት ዓመቴ በአንድ ገጽ ተፈታ።

አባቴ ያወጣልኝ ማንጠግቦሽ ነበረ፤
አንድም ሰው ሳያሳጥር፣ ሙሉውን ሲጠራው ኖረ።
ሠራተኛ ሰፈር ሙሽራ ሆኜ ስገባ፣
የእጄ ሂና ሳይደበዝዝ፣ ሳይጠወልግ አበባ፣
አማቴ እትዬ ዘርትሁን በዘመድ መሃል ቆመው፣
«ይሄ የባላገር ስም ነው፤ እዚህ ማን ሊጠራው?
የቤትወርቅ ትባልልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ!»
ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔንም ጨምሮ።

ስም እየዋለ እያደረ ሥር ይሰዳል፤
መታወቂያ ላይ ይወጣል፣ ባንክ ደብተር ይወርዳል፣
በመብራት ቢል፣ በዕቁብ መዝገብ፣
በልጆቼ የክትባት ካርድ፣ «የእናት ስም» በሚለው ረድፍ፣
በነርስ ችኩል ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም።
ማንጠግቦሽ ግን ራቀች፤
እናቴ ስትደውል ብቻ፣ ለአፍታ፣ ብቅ እያለች።
እናቴም አረፈች።

ፍቺው ሲጸድቅ ንብረት በዝርዝር ተነበበ፤
ሶፋው ለእሱ፣ ፍሪጁ ለእኔ፤ ስሜን ማንም አላሰበ።
ቤቱን ሸጠን ተካፈልን። ሃብሌና ቀለበቴ
ድሮ አልቀዋል፣ በትንሹ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ።
ቤቱ የለ፣ ወርቁ የለ፤ የቤትወርቅ ግን አለሁ፣
ዕቃው ወጥቶ እንዳለቀ ካርቶን፣ ጽሑፌን ይዤ ቀረሁ።

«ማን ጠግቦሽ?» ብሎ አባቴ የጠየቀው፣
ዘግይቶም ቢሆን መልስ አለው።
ሰው ይጠግባል፣ አባዬ። ምንም አይደል።
ጥያቄውን ግን እፈልገዋለሁ፤ የእኔ ነው።

መጀመሪያ አራዳ ሄድኩ፣ ወሳኝ ኩነት፣ መስኮት አራት።
«ማንጠግቦሽ ቸኮል» አልኳት።
ልጅቷ ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች፤ «በዚህ ስም ሰው የለም» አለች፤
ከዚያ ቀና ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሞተዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።
«አልሞተችም» አልኩ።
«እንግዲያው ፍርድ ቤት ይሂዱ።»

ችሎቱ ሁለት ምስክር አለ፤ ሁለቱ ስም አንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ።
በጋዜጣም ይውጣ አለ፤ «ተቃዋሚ ካለ በቀጠሮው ዕለት ይቅረብ።»
አንዷ ጓደኛዬ ስንዱ ናት። ሌላ ፈልጌ አጣሁ፤
የሚያውቁኝ አፈር ገብተዋል። ተለዋጭ ቀጠሮ ልለምን መጣሁ።

ከችሎቱ በር፣ አግዳሚው ላይ፣ ምርኩዛቸውን ታቅፈው፣
እትዬ ዘርትሁን ተቀምጠዋል፣ ጋዜጣውን በአራት አጥፈው።
ባቡሩ በድልድዩ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤
«ሊቃወሙ ነው» አልኩ በሆዴ፤ ጉልበቴ ቀለጠ።

«እማማ፣ ምን ያውቃሉ?» አለች ዳኛዋ።
«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ ማንጠግቦሽ ነበረች።
እኔም ሳገባ ስሜን ቀይረውብኛል፤
የድሮውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አልቆብኛል።
ይቺኛዋ የሚያውቃት ሳለ ይመለስላት፤
እኔው ነኝ የጫንኩባት፣ እኔው ላውርድላት።»

ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ወረደ፤ ቀለሙ ደርቆ ነበር።

ደረጃው ላይ እጃቸውን ዘረጉ፦
«የቤትወርቅ፣ ያዥኝማ።»
ውሳኔው ብብቴ ሥር ነው።
«አቤት» አልኩ።

አስፋልቱ ዳር ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።
«የእርስዎስ፣ የድሮው ስም፣ ማን ነበር?» አልኳቸው።
ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነገሩኝ።
ታክሲው ሊሞላ ነው። ቀስ ብዬ በስማቸው ጠራኋቸው።
ዘወር አሉ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣
ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው፤
ከዚያ «አቤት» አሉ።