የነፋስ ድንጋይ

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል?»
«ድንጋይ» ነው መልሱ ይባላል፤
ወንዝ ዳር ላደግን ልጆች ከዚህ ሌላ መች ይገባናል።

ራምስ ዳርቻው ላይ ድንጋይ አጣሁ፤ አሸዋና ጨው ነው ያለው፣
ሸማል የተነሣ ሌሊት ግን ባሕሩ እስኪነጋ ነው የሚጮኸው።

ሥራዬ በጀልባ ወጥቶ ከቢጫዋ ተንሳፋፊ ዛጎል መንቀል፣
አናቷ ላይ የሚዞሩትን ሦስት የነፋስ ጭልፋዎች መወልወል፤
የወፍ ኩስ ካረፈባቸው ነፋሱ ያነሰ ይመስላል፣
ሱሬንድራንም ላንዲት ነጥብ ስሕተት ሦስት ቀን ፊቱ ይጠቁራል።

«ድንጋዩን» አለኝ አንድ ቀን «ነፋስ ራሱ ነው የሚያበቅለው፤
ለስላሳ ውሃ ላይ ሲሮጥ መጀመሪያ ማንም አይዘው፤
በጥፍሩ ይቧጭረዋል፤ ጭረቱ አድጎ ይቆማል፣
አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ቁጡ፤ ያባቱን ልብስ ጫፍ ይይዛል።
ያኔ ነፋስ ይከብደዋል። ይኸው ተመልከት፣ ፍጥነቱ ወረደ።»
ጣቱ ወረቀቱ ላይ ቁልቁል ነጎደ።

ናኹዳ ኸልፋን ሳቀ፤ ሁለት ጥርስ ነው የቀረው፤
«ይህን ለማወቅ» አለ «ይሄ ሁሉ ሽቦ ለምኑ ነው?
ልጅ ማዕበል ይጣላል፤ ከሸራህ ላይ ነፋስ ይቀማል፣
የሸመገለው ግን ከሩቅ መጥቶ፣ ረዝሞ፣ ሳይጮኽ ያልፋል፤
ከነፋሱ እኩል ሲራመድ ምንም አይነጥቀውም፤
ሲቀድመውማ...» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሸማሉ በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሞተ፤
ባሕሩ ላዩ ዘይት መስሎ ከሥር እየተነፈሰ ሰነበተ።
የትላንት ማዕበል ነው፤ ወላጁ ካለፈ በኋላ
ያለ አባት የሚሄድ፣ ጀርባው የማይላላ።
ከጀልባዋ አፍንጫ ቀና ብዬ ጭልፋዎቹን ሳያቸው
ነፋስ በሌለበት ይዞራሉ፤
ማን አዞራቸው?

ሱሬንድራን ቁጥሩን ጻፈ፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አኖረ፤
«ዛሬ ሰጪው ውሃው ነው» ብሎ፣ አላምን ብሎ፣ እንደገና ቆጠረ።

እኔን የባቲ ገበያ መንገድ ታወሰኝ፣ የአባቴ ሽርጥ ጫፍ፣
ጨብጬው ስጎተትበት፣ ሲቆጣኝ፣ «ልቀቅ፣ እንለፍ!»
ትላንት በስልክ፣ ድምፁ ሳስቶ፣ «እግሬስ እምቢ ብሏል፤
የላክኸው ባለጎማ ወንበር ግን» አለኝ «ይሮጣል።»

«ጨርቁን አቀብለኝ» አለ ኸልፋን፣ «ፈዘህ አትቁም፣ በል፤
ሌላ ነፋስ እስኪመጣ ዛጎሉን ንቀል።»