የማይጠቅስ መብራት

ከአሞራ ገደል መጣች ዳንጊሴ፣ የዓሣ ቅርፊት
ክንዷ ላይ እንዳለ፣ ቆመች ፎቶ ቤቴ ፊት።
መታወቂያዋን ዘርግታ፣ «እየኝ» አለች፣ «እየኝ፤
ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሦስቴም ሙት አስመሰለኝ።
ያ ብልጭ የሚለው፣ ያ ድንገተኛ ጠላት፣
ገና ሳይጠቅሰኝ ዐይኔን ከደንኩለት።»

ፍላሹን አስቀመጥኩ።
ሁለት ኤልኢዲ አለኝ፣ ሳሙና የሚያካክሉ፣
ሰው እያዩ ዝም የሚሉ።
አንዱን ለግራ ጉንጯ በስስ ጨርቅ ከልዬ፣
«አገጭሽን ዝቅ፣ እንዲያ» አልኳት ቀስ ብዬ፤
ሌላውን ከኋላ፣ የሻሿን ጠርዝ እንዲያይ፣
ቀለሙን አሞቅሁት፣ እንደ ቀጠነ ሻይ።

«መቼ ነው የሚያነሳኝ?»
«ይኸው በርቷል።»
«በቃ?»
«በቃ።» አላመነችኝም።

ያኔ መብራት ሄደ፤ ሐዋሳ ጠቆረ፣
የጎረቤት ጸጉር ቤት ማሽን ግማሽ ራስ ላይ ቀረ።
የኔዎቹ በባትሪ ቦታቸው ላይ አሉ፤
ባለ ግማሽ ጸጉሩ፣ ባለ በጃጁ፣ ሁሉ
በሬ ላይ ተጋፉ።
ዳንጊሴ ልጁን አየችው፣ ግማሽ ራሱን፤ ሳቋ መጣ፣
ዐይኗ መሸሽ ረሳ፤ በብሌኗ ጥቁር ሁለት መስኮት ወጣ።
ነካሁት።

«ይቺስ ነቅታለች» አለች፣ ካሜራው ላይ አጎንብሳ።
መብራቱን ላጠፋ ስል፣
«ቆይ!» አለኝ ጸጉር ቆራጩ፣ መቀሱን እንደያዘ፣
«ግማሽ ሰው ቀርቷል።»