ሦስተኛው ካብ

ከደንገጎ መለስ፣ ከድሬዳዋ ማዶ፣
ጋራ ሲሌ አለ፤ አናቱ በራ፣
ወገቡ በሦስት መቀነት ተጋምዶ።

እኔ ፕሪዝም ያዥ ነኝ፤ ሥራዬ መቆም ነው በተባልኩበት ላይ፣
እሾህም ይሁን፣ የጉንዳን መንገድም ይሁን፣ ጠራራ ፀሐይ።
ቀያሿ ዙፋን ከታች ባንድ ዓይኗ ታነጣጥራለች፣
«ግራ... ጥቂት ግራ... ቁም!» ትላለች።
የረገጥኩት መሬት ቁጥር ይሆናል፣
ቁጥሩ ነጥብ፣ ነጥቡ መስመር፤
ማታ፣ በጄኔሬተር ብርሃን፣ ጋራው ወረቀት ላይ ያድራል።

የላይኛው ካብ፦ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአርባ።
በሩ በምሥራቅ፤ መንገዱ ጠምዘዝ ይላል፣
መጪው ሰው ጋሻ የሌለው ጎኑን ለካቡ ሰጥቶ እንዲገባ።
ዘቡ ይቆምበት የነበረውን ድንጋይ እግሬ ፈልጎ አገኘው፤
ወጣሁበት። ሜዳው ወለል አለልኝ፦
ሐዲዱ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ፣
አቧራ እየጎተተ የሚመጣ አንድ ባጃጅ፤
ልቤ፣ ሳላዘው፦ «ማነህ? ጠላት ነህ ወዳጅ?»

ቀጥሎ ጉድባው። ደለል ጠጥቶ ተኝቷል፣
ሁለት ክንድ ብንቆፍር የባልጩት ስንጣሪ፣ እፍኝ ከሰል ሰጥቷል።
ከሰሉን በብልቃጥ አሽገን ጻፍንበት፦
«ጉድባ ሁለት፣ ንብር አራት»።
ዕድሜውን ላቦራቶሪው ይነግረናል፤
ያን ዕለት የነደደው ግን
የራት እሳት ነው ወይስ ቤት?

ኦቦ ኢብሮ ማሽላውን እዚያው ጉድባ ውስጥ ይዘራል፣
የሰው ሁሉ ሲጠወልግ የእሱ እሸት ያፈራል፤
ጉንጩ በጫት ተወጥሮ፣ ተቀምጦ ያየናል።
«ሐርላዎች ናቸው» ይላል። «ግዙፎች።
ይቺን ቋጥኝ አንዱ ሰው፣ ባንድ እጁ።
ጥጋብ ነው ያጠፋቸው።»
ዙፋን ፈገግ ትላለች፤ «ከሐርላም በፊት ነው፣ አባቴ።»
«ከሐርላም በፊት?» ጫቱን ማላመጥ ያቆማል።
«ታዲያ እነዚህኞቹ ማንን ፈርተው?»
ቅጹን አገላበጥነው።
ይህ የሚሞላበት ዓምድ የለውም።

ሦስተኛውን በአራተኛው ቀን ለካን።
ከሁሉም ረጅሙ፤ ጋራውን እስከ ግማሽ የዞረ፣
ድንጋዩ ተመርጦ፣ ፊቱ ተስተካክሎ የተደረደረ።
ዙፋን በእርሳስ ጻፈች፦ «የውጭ ምሽግ?»
የጥያቄ ምልክቱን ልታጠፋ ላጲስ ስትፈልግ
የኢብሮ ሚስት መፍቱሃ ውሃ ይዛልን መጣች፣
ጀሪካኗን አሳርፋ
ካቡን በመዳፏ መታ መታ አደረገች፣ እንደ ላም ጎን።

«ይሄን እኔ ነኝ የካብኩት።

በሰባ ሰባት፣ በድርቁ። ለአምስት ሜትር ሦስት ኪሎ ስንዴ።
ኢብሮ ታሞ ነበር። ከዚህ እስከ ቁልቋሉ የኔ ነው፣
ልጅ ነበር ሆዴ።
ከቁልቋሉ ወዲያ የሐሊሞ። ሐሊሞ ሞታለች።
እዩት፣ ያስታውቃል፤ ሰፋፊውን ብቻ ትደረድር ነበር፣
ትዕግሥት የላትም፣ ትቸኩላለች።»

«ምሽግ ነው ብለን ነበር» አልኳት፣ ለቀልድ። «ጠላታችሁ ማን ነበር?»
ቁልቁል አየች፤ የወንዙ አሸዋ ደርቆ፣ ነጥቶ፣ አፉን ከፍቶ ነበር።
«ጎርፍ» አለች። «ሁሉንም መቼ መለሰው።
አፈሩ ግን፣ ይኸው።»

ማታ ካርታው ላይ ለሦስተኛው ካብ ቀለም ጠፋ።
መመሪያው «የቅርብ ዘመን ሥራ አይካተትም» ይላል።
ዙፋን ላጲሱን ይዛ ቆየች፤
ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ እስኪጠፋ።

ሲነጋ ወደዚያው ወጣን።
«ቁም» አለችኝ።
«የት?»
«የሐሊሞ ሥራ የሚጀምርበት።»
ቆምኩ።
ነጥብ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።